ሳይሰፋ የተላከው ጥቅል

ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ በሠራሁባቸው ዓመታት ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን ደብዳቤ መዝኜ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ማኅተሜን ካሳረፍኩበት በኋላ ሰውዬው ቶሎ አይሄድም። ትንሽ ያስብና «እሺ፣ እኔ ለእናንተ ከፈልኩ። እዚያ ማዶ ተሸክሞ ለሚያደርሰውስ ማን ይከፍለዋል?» ይለኛል።

«የእነርሱን እኛ እናደርሳለን፤ የእኛን እነርሱ ያደርሳሉ። የቀረውን መንግሥታቱ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ» እላለሁ።

«እንዲያው በዝምታ?»

«በዝምታማ አይደለም፤ ተስማምተው ነዋ!»

አብዛኛው ሰው አያምነኝም ነበር፤ አልፈርድበትም። በእርሻ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የከረመ ሰው፣ የማያውቃቸው አገሮች ደብዳቤውን እየተቀባበሉ ያደርሱልኛል ብሎ እንዴት ይመን? እኔ ግን አምን ነበር። ዛሬም ቢሆን የዓለም መንግሥታት ከልባቸው የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ፖስታ ነው ብዬ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ተከራክሬም ተሸንፌ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጡረታቸው የተቃረበ አንድ አንጋፋ የፖስታ ሠራተኛ ነበሩ። ጨዋታ ይወዳሉ። ድሮ መልእክተኛ ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ እንደሚጓዝና ያንን ዘንግ ያየ ሁሉ መንገድ እንደሚለቅለት አጫውተውኛል። አገራችን መጀመሪያ ቴምብር ስታሳትም ቴምብሩ ከአገር ውጪ ዋጋ እንዳልነበረው የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ደብዳቤ ወደቡ ላይ ሲደርስ የፈረንሣይ ቴምብር ይደረብበት ነበር። በኋላ አገራችን ወደ ዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት ስትገባ መደረቡ ቀረ፤ የእኛው ቴምብር ብቻውን ከዳር እስከ ዳር የሚያስኬድ ሆነ። ሽማግሌው ይህንን ሲነግሩኝ እሳቸው ራሳቸው ተደራድረው ያመጡት ይመስል ደረታቸው ይነፋ ነበር። ያ ኩራት ወደ እኔም ተጋብቶብኛል።

ከስምምነቱ ሁሉ ግን አንዱን አብልጬ እወደዋለሁ። ዓይነ ስውር በጣቱ ዳስሶ የሚያነበው የብሬል ጽሑፍ በስምምነቱ ውስጥ ባሉ አገሮች ሁሉ ያለ ቴምብር በነፃ ይሄዳል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጥቂት ገጽ ሆኖ እንደ ትልቅ መጽሐፍ ይመዝናል። እንደ ሌላው ደብዳቤ በክብደቱ ይከፈልበት ቢባል ማንም ድሃ ዓይነ ስውር በፖስታ መማር አይችልም ነበር። አገሮቹ ይህንን አስበው በነፃ ይሂድ አሉ። አንድ ግዴታ ብቻ አስቀመጡ፤ ጥቅሉ መታሸግ የለበትም። በመንገዱ ላይ ያለ የፖስታ ሠራተኛ ሁሉ ከፍቶ፣ ውስጡ ያለው በእርግጥ ብሬል መሆኑን አይቶ፣ መልሶ መዝጋት መቻል አለበት።

ግዴታው ቀላል ይመስላል። ጎጃም ውስጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ የመጣውን የፖስታ ጆንያ ፈትቼ ስዘረግፍ ሁለት እንግዳ ጥቅሎች ወጡ። ከባሕር ማዶ ተመላሽ ናቸው። የተለጠፈባቸው ወረቀት የተጻፈው በፈረንሣይኛ ነው፤ ፖስታ ከጥንት ጀምሮ በአገሮች መካከል የሚነጋገረው በዚህ ቋንቋ ነው። የእኔ ፈረንሣይኛ በሙሉ ከቅጽ ላይ የተለቀመ ስለሆነ ሰላምታ እንኳ ስጪ ብትሉኝ አልችልም። «ታሽጓል፤ ሂሳብ አልተከፈለበትም፤ ለላኪው ይመለስ» የሚለውን ግን እንደ ዳዊት ነው የምደግመው።

ጥቅሎቹን ገልበጥ አድርጌ ሳይ ሳቄ መጣ። መጀመሪያ አቡጀዲ ለብሰዋል። ከአቡጀዲው በላይ የለፋ ቆዳ፣ በቆዳው ዙሪያ ጠፍር፣ በየቋጠሮው ላይ ደግሞ ቀልጦ የፈሰሰ ሰም። ስፌቱ ደቃቅና የሚያስቀና ነበር። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ከትከሻ የሚንጠለጠሉበትን ማኅደር ያየ ሰው ይህ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም። ዳሩ ላይ በቀይ ቀለም «የዓይነ ስውር ጽሑፍ፣ ክፍት፣ በነፃ የሚሄድ» ተብሎ ተጽፏል። ክፍት ተብሎ የተጻፈበትን ይህንን ነገር ለመክፈት ካራ ያስፈልግ ነበር።

የመመለሻው አድራሻ ከተማው ውስጥ በሚነግድ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ የፖስታ ሣጥን በኩል ነው። በእኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይሄድም፤ ሣጥን ያለው ዘመድ ለሌለው ይቀበላል። ነጋዴውን ብጠይቀው ላኪዋ የአጎቱ የልጅ ልጅ እንደሆነች ነገረኝ፤ አባትዋ አማኑኤል አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ጥቅሎቹንም ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሹፌር እጅ እየላኩ እዚያ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ያስጨምሯቸው ኖሯል። በእኔ መስኮት በኩል ቢመጡማ መች ያልፉ ነበር። በዚያው ሳምንት ለልጅቱ ሌላ ፖስታ ከባሕር ማዶ ደረሰ፤ እሱንም ከጥቅሎቹ ጋር አስቀምጬ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ወደ እኔ ብቅ እንዲሉ ላክሁባቸው።

ቅዳሜ መጡ። ቄሱ ቀጠን ያሉ፣ ጥምጥማቸው የጠራ፣ ጥላቸውን በብብታቸው የያዙ ሰው ናቸው። በሌላው እጃቸው የልጃቸውን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። ልጅቱ ከአባቷ ረዘም ትላለች፤ ፈገግታዋ ቶሎ ይመጣል። መስቀል ተሳልሜ አረፍ በሉ ብላቸው ቄሱ «እንቆማለን» አሉ። እሷ ግን አግዳሚውን በእግሯ ፈልጋ ተቀመጠች።

ታሪኩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ልጅቱ ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። ከዚያ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረች፤ ስትጨርስ አባትዋ ወደ ቤት መለሷት። ዘጠነኛ ክፍል ደብረ ማርቆስ ገብታ ከሌላው ተማሪ ጋር ልትማር ብትጠይቅ እንቢ አሏት። አንድ አስተማሪዋ ግን ባሕር ማዶ ላሉ ዓይነ ስውራን በፖስታ እንግሊዝኛ በነፃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት አስመዘገባት። አባትዋም ተሸነፉና ቃል ገቡላት፤ እነዚያ የባሕር ማዶ ምሁራን ትችላለች ብለው ከመሰከሩላት ደብረ ማርቆስ ያስገቧታል።

አዲስ የመጣውን ፖስታ አብረን ከፈትነው። ውስጡ ብሬል ነው፤ ዳሩ ላይ ግን ለሚያይ ሰው የታተመች ትንሽ ወረቀት ተያይዛለች። በእኔ እንግሊዝኛ አነበብኩላቸው። ካንቺ እስካሁን ምንም መልስ አልደረሰንም፤ እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ የመጀመሪያው ትምህርት መልስ ካልደረሰን ቦታሽን ለሌላ ተማሪ እንሰጣለን ትላለች።

ልጅቱ ጣቷን ብሬሉ ላይ እንደዘረጋች ቀረች። «አልደረሰም?» አለች። «ሁለቱም?»

ሁለቱን ጥቅሎች ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው። ዳሰሰቻቸው። ቆዳውን፣ ጠፍሩን፣ ሰሙን ዳሰሰችና ፊቷን ወደ አባትዋ አዞረች።

«አባባ፣ እንዲህ የሰፉት እንዳይደርስ ብለው ነው?»

ቄሱ እንደ ተመታ ሰው ደንገጥ አሉ። «እኔ? ጣቴ እስኪደማ የሰፋሁት እኔ? ዝናብ እንዳይነካው፣ የሰው ዓይን እንዳይገባው ብዬ...»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ግን ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። «መምሬ፣ ችግሩ እኮ የሰው ዓይን እንዳይገባው ማለትዎ ነው» አልኩና ደንቡን አስረዳኋቸው፤ ክፍት ካልሆነ በነፃ አይሄድም።

«ታዲያ ከፍዬ ልላከው፤ ታሽጎ ይሂድ» አሉ። «ጊደር አለችኝ።»

«ጊደሯ ካለቀችስ?» አለች ልጅቱ። «ለሁለተኛው ትምህርት በሬውን፣ ለሦስተኛው እርሻውን ሊሸጡ ነው? ይሄ እኮ ለእኔ የተሰጠ ነው አባባ። ክፍት ይሂድልኝ።»

ቄሱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ፤ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። «አንቺ ልጅ ስሚኝ። ገና ከበር ብቅ ስትል ከንፈር የሚመጥባት ሰው ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የማስገባት ጠልቻት አይደለም፤ ያንን የከንፈር ድምፅ እንዳትሰማው ነው። አሁን ደግሞ ከአማኑኤል እስከ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ጽሑፏን እየገለጠ ከንፈሩን ይምጠጥ?»

«ፖስተኛ ከንፈር የሚመጥበት ጊዜ የለውም መምሬ።»

ልጅቱ ሳቀች። ቄሱ አልሳቁም። ጥቅሎቹን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው የልጃቸውን ክንድ ያዙና ወጡ። እኔም ከኋላቸው እያየሁ ብስጭት ብዬ ቀረሁ። ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ልጃቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ አባት በዚያው ፍቅራቸው መንገዷን ሲዘጉባት ማየት ግን ያንገበግባል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ሳምንቱን ሙሉ ልጃቸው እንዳላናገረቻቸው ሳይደብቁ ነገሩኝ። «አንድ ነገር ብቻ አስረጅኝ» አሉ። «ከእጄ ተቀብለሽ የት ታደርጊዋለሽ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው የኖርኩት ይመስለኛል። የመስኮቱን በር ከፍቼ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። አልጋ ወራሽ የማስጎበኝ ይመስል ሁሉንም አሳየኋቸው፤ ደብዳቤ የሚለይበትን መደርደሪያ፣ ሚዛኑን፣ ማኅተሙን። በመጨረሻ የዕለቱን ጆንያ አመጣሁ። ደብዳቤውን በሙሉ እየመዘገብኩ ከተትኩ፤ የጆንያውን አፍ ሰብስቤ በሲባጎ ጠፈርኩ፤ በሲባጎው ጫፍ ላይ የእርሳስ ብረት ማኅተም አድርጌ በመቆንጠጫ ጨፈለቅኩት። ቄሱ ጎንበስ ብለው ማኅተሙን በጣታቸው ፈተኑት።

«ይህንን ሹፌሩ ሊፈታው አይችልም?»

«ማንም አይችልም። አዲስ አበባ ያለው ኃላፊ ማኅተሙ እንዳለ መሆኑን አይቶ፣ ፈርሞ ነው የሚፈታው። እዚያም ለየአገሩ በሌላ ጆንያ ይገባና እንደገና ይታሸጋል። አውሮፕላን ላይ የሚጫነው ታሽጎ ነው፤ ማዶም የሚቀበሉት ፈርመው ነው።»

ቄሱ ጆንያውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እና ጥቅሉ ራቁቱን ነው እንጂ ማኅደሩስ አለው በይኛ።»

«ማኅደሩማ ይኸው። ለሁሉም አንድ ማኅደር ነው።»

«ጆንያው ሲፈታ ግን የሚገልጡት ሰዎች አሉ።»

«አሉ። ከፍተው ያያሉ፤ መልሰው ያስራሉ፤ ለሚቀጥለው ይሰጣሉ። እነሱን እኔም አላውቃቸውም፤ እነሱም እኔን አያውቁኝም። ግን ተማምለናል።»

ቄሱ ማኅተሙን እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ የቀሚሳቸውን ኪስ ፈትሸው ነጭ የጥጥ ክር አወጡ። ይዘውት መምጣታቸው ገረመኝ፤ ልባቸው ከቤት ሲወጡ ተሸንፎ ነበር ማለት ነው። ልጅቱ አዲስ የጻፈችውን መልስ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ በካኪ ወረቀት ጠቅልለው፣ ጫፉን ሲስቡት በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ አሰሩት። በስፌቱ የተካኑት እነዚያ ጣቶች ለመልቀቅ ሲተናነቁ ታየኝ። እኔም በነፃ የሚሄድ መሆኑን የሚገልጸውን ወረቀት ለጥፌ፣ የቀኑን ማኅተም የብሬሉን ነጥቦች እንዳይጨፈልቅ ከዳር አሳረፍኩ። ቄሱ በጥቅሉ ላይ በመስቀላቸው አማተቡበትና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለእኔም ቀላል አልነበሩም። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ስምምነቱንም አምነዋለሁ። ግን የእኔ እምነት እስከዚያን ጊዜ የሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ነበር። ይህኛው ቢጠፋ ቄሱ ልጃቸውን ዳግመኛ ከደጅ አያስወጧትም፤ በሩን የዘጋሁባትም እኔ እሆናለሁ። በየቅዳሜው እየመጡ አንገታቸውን በመስኮቱ ያስገባሉ። እኔም ጆንያ በደረሰ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ትቼ የካኪ ወረቀት እፈልጋለሁ። «ይመጣል መምሬ» እላቸው ነበር ድምፄን ሞላ አድርጌ። 

መጣ። ክረምቱ ሳይወጣ መጣ። አባትና ልጅ አብረው በመጡበት ቅዳሜ ነው የሰጠኋቸው። ጥቅሉን መጀመሪያ የተቀበሉት ቄሱ ናቸው፤ ከመክፈታቸው በፊት ዙሪያውን አገላብጠው አዩት። ክሩ ያው የእሳቸው ነጭ ክር ነው፤ እዚያ ማዶ ያሉት አስተማሪዎች መልሰው በዚያው አስረውታል።

«ይህ ቋጠሮ የእኔ አይደለም» አሉ።

«የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ» አልኳቸው። «በመንገድ የከፈተው ሁሉ በየአገሩ ልማድ ነው የሚያስረው።»

ልጅቱ ተቀብላ ፈታችው። ገጾቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ላይ አሳለፈች። እሷ የላከችው መልስ ታርሞ ተመልሷል፤ ሁለተኛው ትምህርትም አብሮ አለ። አንድም ገጽ አልጎደለም። ከላይኛው ወረቀት ላይ አስተማሪዋ የጻፈላትን በጣቷ ስታነብ ፊቷ ሲበራ አየሁት።

«ምን ይላል?» አሉ ቄሱ።

«ጽሑፍሽ ጥርት ያለ ነው፤ ዘግይተሻል ግን ጎበዝ ነሽ፤ ከእንግዲህ ፍጠኚ ይላል።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛም አስደገሟት። ከዚያ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቴ ዞሩና፣ የማይወደውን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ሆነው፣ «አልነኩባትም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ትምህርት ይመጣል፤ መልስ ይሄዳል። ሁልጊዜ የሚያመጡት አባትዋ ናቸው፤ አንድ ጊዜም ቢሆን ጥቅሉን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥተው አያውቁም። እሷም ስትመጣ ክንዷ ከእጃቸው አይወጣም፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ፖስታ ቤቱ እንደ ተሰፋች ነው የምትመጣው። ጽሑፏን ለቀዋል፤ እሷን ግን አለቀቁም። ይህንን አንድ ቀን በፊታቸው ተናገርኩት፤ «ጽሑፍ ገደል አይገባም» ብለው ዘጉኝ። 

ዓመቱ ዞሮ የመጨረሻው ትምህርት ላይ ደረሰች። የመጨረሻው መልስ በጊዜው ካልሄደ አባትዋ የሚጠብቁት የምሁራኑ ምስክር ወረቀት ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ የዘጠነኛ ክፍሉም ምዝገባ እንዲሁ ያመልጣታል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ለማንም አያዝንም። ቄሱ በዚያው ሳምንት ደብረ ኤልያስ ያሉ ዘመዶቻቸው ተጣልተው ለሽምግልና ተጠርተው ሄደው ነበር። እኔ ይህንን አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ቀን ጠዋት የፖስታ ቤቱ በር ተከፍቶ ልጅቱ ብቻዋን ስትገባ ነው።

ጫማዋ ጭቃ ለብሷል። በአንድ እጇ ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ በትር፣ በሌላው እጇ በላስቲክ የተጠቀለለ የካኪ ጥቅል ይዛለች። ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ማንም አልነበረም።

«በምን መጣሽ?» አልኩ እየጮህኩ።

«በአውቶቡስ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰው ጋር» አለችና ሳቀች። «አንዲት ሴትዮ ከቤታችን እስከ መንገዱ ወሰደችኝ። ረዳቱ አሳፈረኝ። አውቶቡስ ተራ ላይ አንድ ተማሪ ጠየቅኩ። ከንፈር የመጠጡም ነበሩ እትዬ፤ ግን እየመጠጡ መንገዱን አሳዩኝ።»

አቅፌያት አለቀስኩ።  ጥቅሉን ተቀብዬ፣ ዳሩ ላይ ማኅተሙን አሳርፌ በዕለቱ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ልሸኝሽ ብላት «መስኮቱን ለማን ትተው ነው?» አለችኝ። ሰልፉ እየረዘመ ነበር። በሩ ድረስ ወጥቼ እያየኋት አንዱን ሰው ጠይቃ፣ ወደ አውቶቡስ ተራው ዞራ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ገቡ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ በአንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥላቸው የለም፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ከሽምግልናው ሲመለሱ ቤቱን ባዶ አግኝተው፣ ያገኙት መኪና ላይ ዘለው ነው የመጡት። መንገድ ላይ ከልጃቸው አውቶቡስ ጋር ተላልፈዋል ማለት ነው።

«ልጄ!» አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

«መጥታ፣ ልካ፣ ተመልሳለች መምሬ። ደህና ናት።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«አንቺስ ዝም ብለሽ አየሻት?» ጠረጴዛውን መቱት። እሳቸው ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ቁጣ አላነሰኝም ነበር፤ ግን እስከ ጉልበታቸው ያለውን ጭቃ አየሁና ዋጥ አደረግኩት። ስልኩን አንስቼ አማኑኤል መንገድ ዳር ያለ፣ ስልክ ያለው ባለሱቅ ዘንድ ደወልኩ። ከቄሱ ጋር ይተዋወቃሉ። እጀታውን ለቄሱ ሰጠኋቸው።

ባለሱቁ የሚጮህ ሰው ስለነበር የሚለውን እኔም ሰማሁ። ከአውቶቡስ ወርዳ ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ተጠልላ እንደነበር፣ ጅረቱ ሞልቷል ሲላት በየት በኩል እንደሚሻገሩት ጠይቃ ሁለት ገበያተኞች እንዳሻገሯት፣ የቄሱ ጎረቤትም አሁን ከዚያ ሲመጣ ቤቷ ደጅ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጥብ እንዳያት ነገራቸው።

ቄሱ እጀታውን ከጆሯቸው ሳያነሱ ቆዩ፤ ሰውዬው ዘግቷል። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚያን ቀን በፊት ፖስታ ቤቴ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። 

ቆይተው «ዘጠነኛ ክፍል የሚመዘገቡት የት ነው?» አሉኝ።

«ውጤቷ እኮ ገና አልመጣም መምሬ።»

«ይመጣል። አንቺው አይደለሽ እንዴ ይመጣል ስትዪኝ የከረምሽው?»

የትምህርት ቤቱን አቅጣጫ በእጄ አሳየኋቸው። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ እሳቸውም ደክመዋል። «የሚወስድዎ ሰው ልጥራልዎ?» አልኳቸው።

«የለም፤ እጠይቃለሁ። ሰው አይጠፋም» አሉና ወጡ። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ መንገዱ ዳር ቆመው፣ የማያውቁትን አንድ መንገደኛ ሲያስቆሙ አየኋቸው።